የኮድ ሰባሪዎች ልብ ወለድ ግማሽ ላይ አስቁሞኛል፣ እስቲ እርዱኝ

ማሂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ መንገድ ዳር ከተደረደሩት አሮጌ መጻሕፍት መሃል አንድ የእንግሊዝኛ ልብ አንጠልጣይ አግኝቼ ገዛሁ። የአሜሪካ የስለላ መሥሪያ ቤት የተቆለፈ ኢሜይል ሁሉ የሚከፍት ግዙፍ ኮምፒውተር በድብቅ ሠርቷል፤ አንድ ቀን ግን የማይከፍተው ኮድ ይመጣበታል። ታሪኩ ይዞኛል፣ "ቁልፍ" እና "ቢት" የሚባሉት ሲደጋገሙ ግን ይጠፋብኛል። ቅዳሜ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ከጓደኞቼ ጋር እንወያይበታለን። የማይገባኝን እየዘለልኩ ልቀጥል? ደግሞስ እንዲህ ዓይነት ማሽን በእውነት ሊኖር ይችላል? መጨረሻውን የሚነግረኝ ወዮለት!

አቤል ኮምፒውተር፦ ማሂዬ አትዝለዪ፣ በፊደል ገበታ ሞክሪው። እያንዳንዱን ፊደል ሦስት ቤት ወደ ታች አውርጂ፣ ካዕብ ከሆነ ካዕብ፣ ራብዕ ከሆነ ራብዕ እንደሆነ ይቆይ። በ፣ ተ፣ ቸ፣ ኀ ብለሽ ስትቆጥሪ "ቡ" "ኁ" ይሆናል፤ "ና" ደግሞ "ካ"። ስለዚህ "ቡና" ብለሽ የጻፍሽው "ኁካ" ሆኖ ይደርሳል። እዚህ ላይ ቁልፉ 3 ቁጥር ነው። ዘዴውን የሚያውቅ ሰው ግን 33ቱን ቤት ይዞ ቢበዛ 32 ጊዜ ሞክሮ ይከፍተዋል። መጽሐፍሽ ውስጥ ያለው ማሽንም ሥራው ይኸው ነው፣ ቁልፍ በቁልፍ መሞከር።

ቢት ማለት የቁልፉ ርዝመት መለኪያ ነው፣ 0 ወይም 1 የሆነ አንድ አኃዝ። አንድ ቢት በተጨመረ ቁጥር የሚሞከረው ቁልፍ እጥፍ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1977 የአሜሪካ መንግሥት መስፈርት የሆነው ዴስ የሚባል የመቆለፊያ ዘዴ ቁልፉ 56 ቢት ነበር፣ ወደ 72 ሺህ ትሪሊዮን ቁልፍ ማለት ነው። በ1998 አንድ የመብት ተሟጋች ድርጅት ከ250,000 ዶላር ባነሰ ወጪ ማሽን ሠርቶ በ56 ሰዓት ከፈተው። አሁን የምንጠቀምበት 128 ቢትና ከዚያ በላይ ነው። የ56 ቢቱን የቁልፍ ብዛት 72 ጊዜ እጥፍ አድርጊው እንግዲህ! በመሞከር ብቻ ሁሉን የሚከፍት ማሽን የደራሲ ፈጠራ ነው።

ሰላማዊት፦ አቤል ልክ ነህ፣ ግን እንዳትዘናጋ። ሰላዮች ቁልፉን መስበር ሲያቅታቸው በሌላ በር ይገባሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 ለአሜሪካ የስለላ ድርጅት በኮንትራት ይሠራ የነበረው ኤድዋርድ ስኖውደን ያወጣቸው ሰነዶች የአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ የስልክ ጥሪ መዝገብ በገፍ ይሰበስብ እንደነበር፣ ከትልልቅ የኢንተርኔት ኩባንያዎችም መረጃ ይወስድ እንደነበር አሳይተዋል። ስልክሽ ላይ ሰላይ ሶፍትዌር ከተጫነማ መልእክቱ ሳይቆለፍ ነው የሚነበበው። ለውይይታችሁ እኔ ብሆን ከማሽኑ ይልቅ "ሰላዩን ማን ይቆጣጠረው?" የሚለውን አነሳ ነበር።

ጋሽ መኮንን፦ ልጆች፣ የሰውን ስንፍና ረሳችሁት። የጦር መልእክት ይቆልፍ የነበረው የጀርመኑ ኢኒግማ ማሽን ቁልፉ በየቀኑ ይቀያየር ነበር፣ ሆኖም ተሰብሯል። መጀመሪያ የፖላንድ የሒሳብ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1932 ገቡበት፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እነ አለን ቱሪንግ፣ የእንግሊዙ የሒሳብ ሊቅ፣ የኮድ ሰባሪዎች ማዕከል በሆነው ብሌችሊ ፓርክ እንግሊዝ አገር ሆነው ቀጠሉ። ትልቁ እርዳታ ምን መሰለሽ ማሂ? ጀርመኖቹ የአየር ሁኔታ ዘገባቸውን ሁልጊዜ በተመሳሳይ ቃላት ይልኩ ነበር። ሰባሪዎቹ መልእክቱ ውስጥ የትኛው ቃል እንዳለ አስቀድመው ይገምታሉ፣ ከዚያ ቁልፉን ፍለጋ።

ማሂ፦ ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ! አቤል፣ "ኁካ" ገብቶኛል፣ ለጓደኞቼም አሳያቸዋለሁ። ገጸ ባሕርያቱ ግን ይምታቱብኛል፣ ስማቸው ሁሉ አንድ ነው የሚመስለኝ።

ሰላማዊት፦ የመጀመሪያው ባዶ ገጽ ላይ በእርሳስ ስም፣ ሥራ፣ ማንን እንደሚጠራጠር ጻፊ። የእንግሊዝኛ ቃል ደግሞ ሁሉን ከመዝገበ ቃላት አትፈልጊ፣ ምዕራፉ ሳያልቅ ሦስት ጊዜ የመጣውን ብቻ።

አቤል ኮምፒውተር፦ ስትጨርሺ አውሺኝ፣ እርሳሱን ሳታጠፊ።