«ተሳላሚ» ወይስ «መጻተኛ»?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የቃል ወዳጆች። ስለ ዊልያም ብራድፎርድ አጭር ጽሑፍ እየተረጎምኩ አንዲት ቃል ላይ ተቸክያለሁ። በ1620 እ.ኤ.አ. በሜይፍላወር መርከብ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ፣ በዓመቱ የፕሊመዝ ቅኝ ግዛት ገዥ የሆነው እንግሊዛዊ ሰውዬ ነው። እሱና ባልንጀሮቹ ከሆላንዷ ላይደን ከተማ ሲነሱ «ፒልግሪም መሆናቸውን ያውቁ ነበር» ብሎ «ኦፍ ፕሊመዝ ፕላንቴሽን» በሚባለው መጽሐፉ ጽፏል። «ተሳላሚ» አልኩት። ግን ጎረበጠኝ።

መልስ፦ እንኳን ጎረበጠህ! ተሳላሚ እኮ ይመለሳል። ቁልቢ ወይ ግሸን ሄዶ፣ ስለቱን አግብቶ፣ ጠበሉን ይዞ ቤቱ ይገባል። እነ ብራድፎርድ ግን ላይመለሱ ነው የወጡት። ቃሉ ከዕብራውያን 11፥13 የመጣ ነው። የእኛው መጽሐፍ ቅዱስ «እንግዶችና መጻተኞች» ይላል። መጻተኛ በለውና ተገላገል።

ሌላ መልስ፦ በመጻተኛ እስማማለሁ። ግን ወንድሜ፣ እዚያው ቁጥር ላይ ከፍ ብለህ አንብብ። «ከሩቅ ሆነው አዩትና ተሳለሙት» ይላል። ተሳላሚም ያለ ዘመድ አልመጣችም ማለት ነው። እርግጥ እዚህ ጋ መሳለም ከሩቅ እጅ መንሳት እንጂ ስለት ይዞ መሄድ አይደለም።

የመጻተኛን ሥርም እዩት። ግእዙ «መጽአ»፣ አማርኛው «መጣ»። «መጤ»ም የዚያው ቤት ልጅ ነው። አንዱ ቤተ ክርስቲያን ቀረ፣ ሌላው ሰፈር ወርዶ ስድብ ሆነ። እነ ብራድፎርድ የሰፈሩበት መሬት የነባሮቹ የዋምፓኖአግ ሕዝብ ነበር። አማርኛ ቢያውቁ የትኛውን ይመርጡ እንደነበር እንጃ።

ጠያቂ፦ ተባረኩ። የመጽሐፉ ርዕስ ላይ ያለውን «ፕላንቴሽን»ስ «እርሻ» ልበለው?

መልስ፦ የለም፣ የለም። በዚያ ዘመን ቃሉ ሰውን አዲስ መሬት ላይ ማስፈር ነበር። እኛም ደብር ተከለ፣ ድንኳን ተከለ እንላለን፤ ሐሳቡ ቅርብ ነው። ግን ዛሬ «ተከላ» ብትል ሰው ችግኝ ይዞ ይመጣልሃል። «ሰፈራ» ይሻላል፤ የ77ቱ ትዝ ቢለንም።

ጠያቂ፦ የመጨረሻዋ። ሚስቱን ዶሮቲን በተሳፋሪዎቹ ዝርዝር ላይ «እንደደረሱ ብዙም ሳይቆይ ሞተች» ብሎ አልፏታል። «አረፈች» ብል ይከብዳል?

ሌላ መልስ፦ ይከብዳል። ከመርከቡ ወድቃ የሰጠመች ሴት ናት፤ ልጃቸውን ሆላንድ ትተው ነው የመጡት። ሰውየው ቃል አጥሮት አይደለም። በስተርጅናው ዕብራይስጥ ጀምሮ የመጽሐፉን የእጅ ጽሑፍ መጀመሪያ ገጾች በዕብራይስጥ ቃላትና በፍቺያቸው የሞላ ነው። እዚህ ጋ ግን አላወራም። አንተም «ሞተች» በልና ነጥቡን አድርግ።