ዶሮ ኩስ ውስጥ የሚራወጠው ቡናማ ቅንቅን፦ መድኃኒት ልርጭበት ወይስ ልተወው?

ጠያቂ (ድሬዳዋ፣ ሳቢያን)፦
ሰላም ለሁላችሁ። 60 እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አሉኝ፤ ኩሱ ከሽቦ ወለሉ ስር ይጠራቀማል። ክምሩን ስገልጠው የጤፍ ፍሬ የሚያካክሉ ቡናማ ነገሮች ይራወጣሉ፤ ዝንቦች ሆድ ላይም ተለጥፈዋል። ጎረቤት «ዳያዚኖን (የተባይ መድኃኒት) እርጭበት» ይለኛል። ዝንቡም በዝቷል። ምን ላድርግ?

መልስ (ሐረር፣ ሸንኮር)፦
ወንድሜ፣ እንዳትረጭ! መጀመሪያ ለየው። ደም መጣጩ የዶሮ ቅንቅን ቀን ቀን በቆጡ ስንጥቅና በእንቁላል መጣያው ሳጥን ይደበቃል፤ ዶሮ ላይ የሚወጣው ማታ ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ የቆጡን እንጨት ከስር በነጭ ሶፍት ጥረገው። የደም ጭረት ካየህ ዶሮዎቹን አስወጥተህ ስንጥቁ ላይ የፈላ ውሃ አፍስስ፣ ከ5–7 ቀን በኋላ ድገመው። ሶፍቱ ንጹህ ከሆነ ግን ያየኸው ማክሮኬለስ የሚባለው ሌላ ቅንቅን ነው፤ ዶሮ አይነካም። ዝንቧን ተሳፍሮ ወደ ትኩስ ኩስ ይሄድና የምትጥለውን እንቁላል ይበላል።

መልስ (ሐረማያ)፦
ልክ ነው። ክምሩ ላይ መድኃኒት ከተረጨ ይሄ ጠቃሚው ያልቃል፤ ዝንብ ግን ከሌላ ሰፈር በርራ ወዲያው ትመለሳለች። በድሬ ሙቀት የዝንብ እንቁላል ቀን ሳይሞላው ይፈለፈላል፣ ከ7–10 ቀን ውስጥ ዝንብ ይሆናል። ስለዚህ ወይ በየ5 ቀኑ ሙልጭ አድርገህ ጥረግ፣ ወይ አጠራቅም። በወር አንዴ እስከ ሲሚንቶው መጥረግ ከሁሉም ይብሳል፤ ባዶ ወለል ላይ የወደቀ ትኩስ ኩስ እንቁላሉን የሚበላለት የለም። የምታጠራቅም ከሆነ አንዱን ጎን ብቻ አንሳ፣ ከስር 10 ሳ.ሜ. አሮጌ ኩስ ተው፤ ሌላውን ጎን ከ2–3 ሳምንት በኋላ። ትልቁን ጠረጋ ከኅዳር እስከ ጥር፣ ቀዝቀዝ ሲል አድርገው።

ጠያቂ፦
ሶፍቱ ንጹህ ነው። ውሃ መጠጫው ስር ግን ጭቃ ሆኗል፤ ትሉ የሚርመሰመሰው እዚያ ነው።

መልስ (ድሬዳዋ፣ ከዚራ)፦
በቃ፣ የዝንብህ ምንጭ እሱ ነው። ትል ጭቃ ይመቸዋል፣ ቅንቅኑ ግን አይኖርበትም። መጠጫው እንዳይንጠባጠብ አድርግ፤ ጠርዙም ከዶሮዎቹ ጀርባ ቁመት ጋር እኩል ይሁን። ጭቃውን ብቻ በአካፋ አውጥተህ በፕላስቲክ ጥብቅ አድርገህ ሸፍነው ፀሐይ ላይ አቆየው፣ ትሉ በሙቀቱ ይሞታል። ቦታውን 5 ሳ.ሜ. ደረቅ ሰጋቱራ አልብሰው። ከዚያ በየጊዜው ኩሱን በጓንት ጨብጠህ ጭመቀው፦ ውሃ ካንጠባጠበ ሰጋቱራ ጨምር፣ ከተፈረፈረ ደህና ነው። እርጥብ እበትና የጫት ገራባ እዚያ ክምር ላይ አይጣል።