ማክሮ ሌንስ ለሌለው ሰው፦ ሞክሬ ያየኋቸው ሦስት ነገሮች

እህቴ የብር ጌጥ በቴሌግራም ትሸጣለች። ፎቶ አንሺዋ እኔ ነኝ። ያለኝ ከካሜራው ጋር የመጣው የካነን 18-55 ሚሊሜትር ዙም ሌንስ ብቻ ነው። «በምን ማክሮ ነው የምታነሳው?» ላላችሁኝ፣ ማክሮ፣ ማለትም ትንሽ ነገር በጣም ተጠግቶ አጉልቶ የሚያነሳ ሌንስ፣ የለኝም።

መጀመሪያ ምንም አትግዙ። ዙሙን 55 ላይ አድርጉና ተጠጉ። ሌንሱ እስከ 25 ሴንቲሜትር ፎከስ ይይዛል። ርቀቱ የሚለካው ደግሞ ካሜራው ውስጥ ካለው ሴንሰር ነው፤ ከሌንሱ አፍ ሲታይ በጣም ቅርብ ነው። ለአንገት መስቀል ይበቃል። የጆሮ ጌጥ ላይ ግን ቀጭኑ የሽቦ ሥራ አይወጣም።

ርካሹ መፍትሔ ሪቨርስ ሪንግ ነው። ሌንሱን ገልብጦ የሚያስር ቀለበት። ዙሙ ወደ 18 ሲመለስ ማጉላቱ ጉድ ነው! ግን አውቶፎከስ የለም፣ አፐርቸሩም (ብርሃን የሚያስገባው የሌንሱ ቀዳዳ) ከካሜራው አይታዘዝም። ለጨዋታ ይሁን።

ክሎዝአፕ ፊልተር ሌንሱ ፊት ላይ ይጠመዘዛል፤ የንባብ መነጽር በሉት። ብዙ ጊዜ +1፣ +2፣ +4 እና +10 በአንድ ላይ ይሸጣሉ፤ ቁጥሩ ሲበዛ ማጉላቱም ይበዛል። አውቶፎከሱ ይሠራል። +4 ጥሩ ነው፤ ርካሹ +10 ዳር ዳሩን ያደበዝዛል። ስትገዙ የሌንሱን አፍ ስፋት እዩ። የእኔ 58 ሚሊሜትር ነው። ሳላረጋግጥ ከዱባይ ሰው ልኬ 52 መጣልኝ፤ እስካሁን መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል።

የእኔ ምርጫ ኤክስቴንሽን ቲዩብ ነው። መስታወት የሌለው ባዶ ቀለበት ነው፣ ሥራው ሌንሱን ከካሜራው ማራቅ ብቻ። ባለ 31 ሚሊሜትሩ 55 ላይ ማጉላቱን ከእጥፍ በላይ ያደርገዋል። 18 ላይ ግን አትሞክሩት፣ ፎከስ አይገኝም። ብርሃንም ይበላል፤ ትራይፖድ የግድ ነው።

አደራ፣ ቲዩብ ስትገዙ ካሜራውንና ሌንሱን የሚያገናኙ ወርቃማ የኤሌክትሪክ ነጥቦች ያሉትን ግዙ። አንድ ባለሱቅ «ያው ነው» ብሎ ነጥብ የሌለውን ሸጦልኝ አፐርቸሩ እንደተከፈተ ቀረ። የመስቀሉ አንድ ጫፍ ጥርት ብሎ ሌላው ጭጋግ ሆነ። አሁን በባለ ነጥቡ አፐርቸሩን አጥብቤ f/11 ላይ አነሳለሁ። መብራት አልገዛሁም፤ መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ፣ ከወዲያ ማዶ ብርሃኑን የሚመልስ ነጭ ወረቀት።

አደይ አበባ ለማንሳት እንጦጦ የምትወጡ ግን ፊልተሩን ያዙ። ነፋሱ አበባውን ሲያወዛውዘው በቲዩብና በትራይፖድ መታገል ጣጣ ነው።