ኢቫል ግማሹን መስመር ያሰላል ግማሹ ላይ ኤረር፣ አስቸኳይ!!

ጀማሪው፦ እባካችሁ ቶሎ እርዱኝ ነገ ጠዋት ማስረከብ አለብኝ፣ ቴክስት ፋይል ውስጥ ስሌቶች አሉ በየመስመሩ አንድ አንድ፣ በፓይተን እያነበብኩ ኢቫል (ጽሑፍ ተቀብሎ የሚያሰላው ፈንክሽን) ውስጥ እከታቸዋለሁ፣ "12*4" የሚለው 48 ይሰጠኛል ሌላው ጋ ስደርስ ግን ከቁጥር ፊት ዜሮ አይፈቀድም የሚል ሲንታክስ ኤረር፣ ፋይሉን አገላብጬ አየሁት በዜሮ የሚጀምር አንድም ቁጥር የለም

ሰሚኮለን፦ ፍሎት ተጠቀም፣ ጽሑፉን ወደ ቁጥር ይቀይርልሃል

ጀማሪው፦ ፍሎት "12*4"ን አይቀበልም፣ ቫልዩ ኤረር ነው የሚለው

የድሮ ኮደር፦ ወንድሜ መጀመሪያ ኢቫልን ከኮድህ አውጣ። የሰጠኸውን ጽሑፍ እንደ ፓይተን ኮድ ነው የሚያስኬደው፣ አንዱ ፎልደር የሚያጠፋ መስመር ቢያስገባልህ ሳያቅማማ ያጠፋዋል። ቢልትኢን ፈንክሽኖቹን (ከፓይተን ጋር አብረው የሚመጡትን) ስለከለከልኩ ቀዳዳው ተዘጋ የሚሉ አሉ፣ አልተዘጋም፣ ከባዶ ቅንፍ ተነስቶ በክላስ በሰብክላስ እየተሳቡ መውጣት ይቻላል። 9**9**9**9 (** ማለት ፓወር ነው) ብሎ ቢጽፍልህስ? ሲያሰላ ኮምፒውተርህ ይደርቃል።

ቅማንጃ፦ አሁን ሞከርኩት፣ ይሄን የምጽፈው ከስልኬ ነው 😂

ጀማሪው፦ ፋይሉ የራሴ ነው ማን ያጠፋብኛል ኤረሩን ንገሩኝ

ሊንክ አዳኝ፦ ኤኤስቲ የሚባለው የፓይተን ሞጁል ውስጥ ሊተራል ኢቫል አለልህ ሴፍ ነው

የድሮ ኮደር፦ እሱ ማባዛት አያውቅም። "12*4" ብትሰጠው ኤረር ነው፣ ቁጥር፣ ሊስት፣ ዲክሽነሪ ምናምን ለማንበብ ብቻ ነው

ዳታ፦ ቆይ ግን ስሌት ለምን በጽሑፍ ይቀመጣል? ብዛቱን ለብቻ ዋጋውን ለብቻ ኮለም አድርገህ አስቀምጥ፣ ኢቫልም አያስፈልግህም

ሰሚኮለን፦ ፍሎት ካልሆነ ኢንት

ዝምተኛው፦ ኤረር የሚሰጠውን መስመር ለጥፈው እስኪ

ጀማሪው፦ "2,050*3"

ዝምተኛው፦ ኮማው ነው። ላንተ የሺ መለያ ነው ለፓይተን ግን ሁለት ዕቃ መለያ፣ ስለዚህ 2 ለብቻ 050*3 ለብቻ አድርጎ ያያቸዋል፣ ዜሮዋ እዛ ጋ ናት። ይልቅ የሚያስፈራው ኤረር ያልሰጠህ ነው፣ "1,500*2" ካለ ዝም ብሎ (1, 1000) ይልሃል፣ እሱን ፈልገው። ከኢቫል በፊት በሪፕሌስ (ፊደል በሌላ በሚተካው) ኮማውን አጥፋ

ዳታ፦ ሁሉንም ኮማ ካጠፋ "ማክስ(3,4)" ዓይነት መስመር ካለው ወደ ማክስ(34) ይቀየርበታል እኮ። ፈንክሽን የሚጠራ መስመር አለህ?

ቅማንጃ፦ ጃቫስክሪፕት ላይ ብትሆን ጉድህ ነበር፣ "1,500*2" ሲሉት ከኮማው በፊት ያለውን ጥሎ 1000 ብቻ ይመልሳል፣ "2,050*3" ደግሞ ስትሪክት ሞድ (ጥብቅ ሕግ ያለው አሠራር) ካልሆነ 050ን በኦክታል (በ8 መሠረት ቁጥር) 40 ብሎ አንብቦ 120 ይልሃል፣ ኤረር የለ ምን የለ

ዳታ፦ @ጀማሪው አለህ ወይስ የለህም?