እናትን ለመጦር ከስቴት ደሞዝ መቀበል ነውር ነው?

ከሬንተን፦
ሰላም ለሁላችሁ። እሁድ በዕድር ስብሰባችን ላይ የተነሳው ክርክር እንዲሁ ተንጠልጥሎ ቀረ። አንዲት እህታችን እናቷ የመርሳት ሕመም ይዟቸው ሥራዋን ልትለቅ ነው። እዚህ ዋሽንግተን ስቴት እናት ሜዲኬይድ (ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች መንግሥት የሚሰጠው የጤና መድን) ካላቸውና እንክብካቤ እንደሚያስፈልጋቸው ከተረጋገጠ፣ ልጅ እሳቸውን ተንከባክቦ በሰዓት ሊከፈለው ይችላል። ይህን ስትናገር «በእናትሽ ደሞዝ ልትበይ ነው?» ያላት ሰው ነበር። እያለቀሰች ወጣች። እኔ መቀበል አለባት ባይ ነኝ። እናንተስ?

ከኬንት፦
እኔ ክፍያውን ከሚቃወሙት ነኝ። እናቶቻችን እኛን ሲያሳድጉ ማን ከፈላቸው? ወላጅን መጦር የልጅ ግዴታ ነው፤ ምርቃትም አለው። ነገሩ በሰዓት መቆጠር ከጀመረ ወንድም እህቱን «አንቺ እኮ ይከፈልሻል» ብሎ ዞር ይላል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። በዚያ ላይ ስቴቱ ከደሞዛችን ይቆርጣል። ደብሊው ኤ ኬርስ የሚባለው የስቴቱ የረጅም ጊዜ እንክብካቤ መድን ከጁላይ 2023 ጀምሮ ከ100 ዶላር 58 ሳንቲም ይወስዳል። እናቴ ግን እዚህ አገር ሠርታ ስለማታውቅ አንድ ዶላር አይደርሳትም።

ከሲያትል፦
ወንድሜ፣ እኔ አዳልት ፋሚሊ ሆም፣ ማለትም ጥቂት አረጋውያን በሚጦሩበት መኖሪያ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። በዚህ ሥራ ስንት የሐበሻ ሴት እንዳለች ታውቃለህ። ቀን የሰው እናት እናጥባለን፣ ዳይፐር እንቀይራለን፣ መድኃኒት እንሰጣለን። ይከፈለናል፤ ነውር ነው ያለን ሰው የለም። ታዲያ የራሳችንን እናት ስናጥብ ነው ነውር የሚሆነው? ገንዘቡ የፍቅር ዋጋ አይደለም። የቤት ኪራይ ነው፤ የቀረችበት ሥራ ምትክ ነው።

አሠራሩንም ላስረዳ፣ ብዙ ሰው የሚያውቀው በወሬ ነው። መጀመሪያ ባለሙያ ቤት መጥታ እናት ምን ምን እርዳታ እንደሚያስፈልጋቸው ታያለች። መታጠብ፣ መልበስ፣ መብላት፣ ከአልጋ መነሳት፣ ሁሉንም ትጠይቃለች። በዚያ መሠረት የወር ሰዓት ይመደባል። ልጅ ስልጠና ይወስዳል፣ የወንጀል ማጣሪያ ያልፋል፣ ከዚያ ይቀጠራል። እናትና ልጅ አንድ ቤት የሚኖሩ ከሆነ ይህ ክፍያ በአብዛኛው ከፌደራል የገቢ ግብር ነፃ ነው፤ የፌደራሉ ግብር መሥሪያ ቤት አይአርኤስ በ2014 ያወጣው መመሪያ አለ። ታክስ የሚሠራላችሁን ሰው ጠይቁት።

የሚመደበው ሰዓት ደግሞ ከምትደክምበት ጋር አይገናኝም። የመርሳት ሕመም ያለበት ሰው ሌሊት ይነሳል፣ በር ከፍቶ ይወጣል፣ ልጁን «አንቺ ማነሽ?» ይላል። ለዚያ ማንም አይከፍላትም። ግዴታውም ምርቃቱም አልቀረባትም።

ከታኮማ፦
ስለ ደብሊው ኤ ኬርስ ትንሽ ልጨምር። ጥቅሙ የሚደርሰው ለከፈለው ሰው ነው። ከጁላይ 2026 ጀምሮ፣ እንክብካቤ የሚያስፈልገውና መስፈርቱን ያሟላ ሰው በሕይወት ዘመኑ እስከ 36,500 ዶላር ያገኛል። ለዚያ 10 ዓመት፣ ወይም ከማመልከቱ በፊት ካሉት 6 ዓመታት 3ቱን መክፈል አለበት፤ በየዓመቱም ቢያንስ 500 ሰዓት መሥራት። ገንዘቡ የአንድ ዓመት ነርሲንግ ሆም እንኳን አይሸፍንም፣ አውቃለሁ። ግን ነገ እኛ ስንወድቅ ልጆቻችንን ትንሽ ያሳርፋል። በኖቬምበር 2024 «በፈቃደኝነት ይሁን» የሚል ሐሳብ ለሕዝብ ቀርቦ ወድቋል። እኔም ተቃውሜ ነው ድምፅ የሰጠሁት።

ከሊንውድ፦
እናንተ ሜዲኬይድ ስላላቸው እናት ነው የምትከራከሩት። አባቴን በግሪን ካርድ ካመጣሁ ገና ሁለት ዓመት አልሞላኝም። በ1996 በወጣው የፌደራል ሕግ ምክንያት አብዛኛው ግሪን ካርድ ያዥ ለሜዲኬይድ 5 ዓመት ይጠብቃል። አባቴ 81 ዓመታቸው ነው። 5 ዓመት ለእሳቸው ምን ማለት ነው?

ስትሮክ ሲመታቸው ያወጣኝ የስቴቱ ፔይድ ሊቭ፣ ማለትም ቤተሰብ ሲታመም የሚሰጠው የክፍያ ፈቃድ ነው። እስከ 12 ሳምንት ከደሞዝ አብዛኛውን ይከፍላል። የፌደራሉ ፈቃድም 12 ሳምንት ነው፤ ግን ያለ ክፍያ፣ ያውም 50 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ላለው መሥሪያ ቤት። እኔ የምሠራው ትንሽ ሱቅ ውስጥ ነው። አሁን 12ቱ ሳምንት አልቋል።

ከሬንተን፦
አይዞህ። የቤተሰብ ተንከባካቢዎች ድጋፍ የሚባል ፕሮግራም አለ። የእንክብካቤ መረጃ ወደሚሰጠው ኮሚዩኒቲ ሊቪንግ ኮኔክሽንስ ደውልና የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቅ። ደሞዝ አይሰጥም። ግን አንተ እንድታርፍ ለጥቂት ሰዓት ሰው የሚልኩበት መንገድ አለ። ዛሬውኑ ደውል።

ከኬንት፦
ፔይድ ሊቩን ማንም አይቃወምም፤ ለአብዛኛው ሠራተኛ ነው። የሰዓት ክፍያው ላይ ግን አሁንም ስጋት አለኝ። እናትየው በስማቸው ቤት ካላቸው፣ ሜዲኬይድ ለእንክብካቤ ያወጣውን ከሞቱ በኋላ ከውርሱ ሊጠይቅ ይችላል። ይህን ለእህታችን የነገራት አለ? ቤተሰቡ ቁጭ ብሎ ሳይነጋገር አንድ ልጅ ብቻዋን መፈረም የለባትም።

ከሲያትል፦
ይህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ቤት ያለው ሰው ቀድሞ ጠበቃ ያማክር። እሷና እናቷ ግን ተከራይ ናቸው። ወንድሞቿም ስልክ አያነሱም። ከማን ጋር ቁጭ ትበል?

ከሊንውድ፦
የስቴቱ ምክር ቤት በየጃንዋሪው ኦሎምፒያ ይሰበሰባል። የ5 ዓመቱ ሕግ የፌደራል ነው፤ ስቴቱ ግን ከራሱ በጀት አዲስ ለመጡ አረጋውያን የቤት እንክብካቤ መመደብ ይችላል። ይህን እንጠይቅ። ደብዳቤውን እኔ እጽፋለሁ። ኬንት፣ በእናንተ ዕድር በኩል ፊርማ ታሰባስባለህ?