የዶርፐር አውራ ገዛሁ፣ ከ22 በግ 5 ብቻ ወለዱ። ልረደው?

ጠያቂ (ከቆቦ)፦ ጤና ይስጥልኝ። የካቲት መጨረሻ ላይ ከደጋ ዶርፐር የሚሉትን የውጭ በግ ዲቃላ አውራ ገዝቼ አመጣሁ። እንደደረሰ ከ22 እናት በጎቼ ጋር ለቀቅኩት። በጎቼ ላታቸው ሰፊ የቆላ በጎች ናቸው። መጋቢትና ሚያዝያ ሲሰርር በዓይኔ አይቻለሁ። ነሐሴ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት 5 ወለዱ፣ ከዚያ ወዲህ አንድም የለም። አውራውን ሰኔ ላይ ለይቼ አስሬዋለሁ። ጎረቤቴ «የፈረንጅ በግ ለቆላ አይሆንም፣ እረደው» ይለኛል።

ከጅግጅጋ፦ ኧረ እንዳታርደው! ዶርፐር እኮ በፈረንጆቹ 1930ዎቹ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ለደረቅ አገር ተብሎ የተዳቀለ ነው። አንዱ ወገኑ ዶርሴት ሆርን፣ ሌላው ብላክሄድ ፐርሺያን። «ፐርሺያን» ስሙ ብቻ ነው፤ ዘሩ የመጣው ከእኛው ጥቁር ራስ የሶማሌ በግ ነው። ጎረቤትህን ሰላም በልልኝ።

ከሚሌ፦ እኔን ጉድ የሠራኝ ላት ነበር። አንድ ቀን ማለዳ ቆሜ ተመለከትኩ። ይወጣል፣ ይንሸራተታል፣ ይወርዳል። ሰረረ ብዬ ስቆጥር የከረምኩት ባዶውን ነው። የእኛ አውራ ላቱን ገፋ ማድረግ ያውቅበታል። ዶርፐር የራሱም ላት የለው፣ ከየት ይልመደው? አሁን ልጄ በጓን ይይዛል፣ እኔ ላቱን ወደ ጎን እስባለሁ። ሰው ሲያይ ትንሽ ያሳፍራል፣ ግን ይሠራል።

የእንስሳት ሐኪም፦ የላቱ ነገር እውነት ነው። ግን ወንድሜ፣ 5ቱ የወለዱበትን ቀን ልብ በል። በግ 150 ቀን ገደማ ታረግዛለች፤ በእኛ ቆጠራ አምስት ወር። ስለዚህ 5ቱ የተያዙት አውራው በመጣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ያኔ ደጋ ላይ የተሠራ የዘር ፈሳሽ ይዞ ነበር። ቆለጥ ከሰውነት ቀዝቀዝ ማለት አለበት። ሙቀት ሲመታው አውራው መስረሩን አይተውም፣ ዘሩ ግን ይበላሻል። አዲስ ደህና ዘር ለመሥራት ሁለት ወር ገደማ ይፈጅበታል።

ቆለጡን ዳብሰው። ሁለቱም እኩልና ጠንከር ያሉ ከሆኑ ጥሩ ነው። እባጭ ካገኘህ ግን ሳይመረመር አትልቀቀው፣ ተላላፊ በሽታ ሊሆን ይችላል። ጤነኛ ከሆነ ጥቅምት መጨረሻ፣ ብርዱ ሲገባ ልቀቀው። ቀን ጥላ ሥር ይዋል፣ ማታና ማለዳ ከበጎቹ ጋር ይሁን። ለእናቶቹ ከሁለት ሦስት ሳምንት በፊት ፉርሽካ ጀምርላቸው። የአውራውን ደረት በዘይት የተለወሰ ቀይ አፈር ቀባው፤ የትኛዋን እንደሰረረ ጀርባዋ ይነግርሃል። በ17 ቀን ገደማ እንደገና ከተቀባች አልያዘችም። ከያዙልህ መጋቢት መጨረሻ ላይ፣ የበልጉ ሣር ሲመጣ ይወልዳሉ።

ጠያቂ፦ ዛሬ ጠዋት ዳበስኩት። እኩል ናቸው፣ እባጭም የለም። «እረደው» ያለኝ ጎረቤቴ ላት ሊስብልኝ ተስማምቷል፣ ግን ማለዳ ሰው ሳይነቃ ከሆነ ብቻ ነው ብሏል።