የነገን ዝናብ የሳተ ትንበያ የዛሬ ሰላሳ ዓመቱን ያውቃል?

የአጋሮ ልጅ፦ ሰላም ቤተሰብ። ባለፈው ሳምንት የደረሰብኝን አንዳንዶቻችሁ ሰምታችኋል። ሐሙስ ማታ ስልኬን ከፍቼ አየሁ፤ ለአርብ ያለው የጸሐይ ስዕል ነው። ማድረቂያ አልጋ ላይ ያለው ጀንፈል (ከነልጣጩ የሚደርቀው ቡና) አሥራ ስድስተኛ ቀኑን ይዞ፣ ሲያናውጡት መንኮሻኮሽ ጀምሯል። ሸራውን አጣጥፌ ለጎረቤት አዋስኩ። አርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከጌራ በኩል የመጣ ደመና ግማሽ ሰዓት ወረደበት። አሁን ከሦስቱ አልጋ አንዱ ሻግቷል። እሁድ ደግሞ ማኅበሩ ይሰበሰባል። «የአየር ንብረት ለውጥን ለመቋቋም» በሚል ከጋራ ገንዘባችን ለሁሉም አልጋ የፕላስቲክ ጣራ ይሠራ አይሠራ እንወስናለን። ጥያቄዬ ይኸው ነው፦ የነገን ያልነገሩኝ ሰዎች የዛሬ ሰላሳ ዓመቱን ነግረውኝ ገንዘቤን ላውጣ?

አባ ቡና፦ አይዞህ ልጄ፣ የሻገተውን ለይተህ አውጣ፣ ከደህናው እንዳትቀላቅል። እኔ ጣራውን አልጠላሁም፤ የጠላሁት ስሙን ነው። በ1990 ጥቅምትና ኅዳር ምን እንደነበር ወላጆችህን ጠይቃቸው። ሲዘንብ ከርሞ ቡናው ከእግሩ ሥር ረገፈ፣ የታጨደው ጤፍ ክምር ላይ በቀለ። ያኔ በዚህ አገር «የአየር ንብረት ለውጥ» የሚል ሰው አልነበረም፤ ዝናቡ አልወጣ አለ ነበር የምንለው። ዛሬ ድልድይ ሲወሰድም የአየር ንብረት፣ መንገድ ሲፈርስም የአየር ንብረት። ቦዩን ሳይጠርግ የከረመው ሰውዬ ስሙ አይነሳም።

የበደሌ መስመር፦ የትንበያውን ነገር ለኔ ተዉት። በቀን ሁለት ጊዜ ነው የምመላለሰው። የቡ ላይ አቧራ፣ አጋሮ ላይ ጎርፍ፣ ከዚያ አልፈህ ደግሞ ጸሐይ። አንድ መስመር ላይ ሦስት አገር። ስልኬ ግን ለሁሉም አንድ ደመና ያሳየኛል።

የሄርማታዋ መምህርት፦ አባ ቡና፣ በ1990 ላይ ልክ ነዎት፤ ምክንያቱም ይታወቃል። ያ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. 1997 መሆኑ ነው፣ ብርቱ ኤልኒኞ፣ ማለትም የፓስፊክ ውቅያኖስ ከወትሮው መሞቅ፣ የነበረበት ነው። ከሱ ጋር ወደኛ የሚቀርበው የህንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ከወትሮው ሞቆ ነበር። ሁለቱ ሲገጥሙ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ዝናብ በምሥራቅ አፍሪካ ይበረታል። በእኛው 2012 የህንድ ውቅያኖሱ ብቻውን ያንኑ ሠራ፤ በ2016 ሁለቱም ነበሩ። ስለዚህ አንድ የኅዳር ዝናብ ይዞ «ለውጡ ይኸው» የሚል ሰው ቸኩሏል፤ በዚህ አልከራከርዎትም። የምከራከርዎት ባሕሩም አየሩም የ1990ው አይደሉም ብዬ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2020 ባሉት ዓመታት ምድር ከ1850–1900 አማካይ 1.1 ዲግሪ ገደማ ሞቃለች። እ.ኤ.አ. 2024 ደግሞ መለካት ከተጀመረ ወዲህ ከሁሉም የሞቀው ዓመት ሆነ። አየር አንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እንፋሎት መሸከም ይችላል። ይህ ዝናቡ በየትኛው አርብ እንደሚመጣ አይነግረንም፤ የመጣ ቀን ግን ከድሮው ከበድ ብሎ ሊወርድ ይችላል።

የአጋሮው ወንድሜ፣ ያንተ አርብ ሌላ ጉዳይ ነው። ስልክህ ላይ ያለውን ስዕል አብዛኛውን ጊዜ ሰው አላየውም፤ ከዓለም አቀፍ ሞዴል፣ አየሩን ከሚያሰላ የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ በቀጥታ የሚመጣ ነው። ከሞዴሎቹ ጥሩ የሚባለው እንኳ ምድርን 9 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ካሬ ከፋፍሎ ነው የሚያሰላው። ያንተ ማሳ፣ ከሥሩ ያለው ሸለቆና ከጀርባው ያለው ኮረብታ በዚያ ስሌት አንድ ከፍታ ናቸው። ከሰዓት ተነስቶ አመሻሽ ላይ የሚጠፋው ደመናችን ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያ ካሬ ያንሳል፤ ሞዴሉ ደመናውን ለብቻው አያየውም። የዓመቱ ጉዳይ ግን እንዲህ አይደለም። ሐምሌ 14 ይዘንባል ወይ ብትለኝ አላውቅም፤ ሐምሌ ከጥር ይበልጥ እንደሚዘንብ ግን ደሞዜን አስይዛለሁ።

አባ ቡና፦ የመምህር ደሞዝ አስይዞ መወራረድ ምኑ ያስፈራል?

የሄርማታዋ መምህርት፦ ተነክቻለሁ፣ ግን እውነት ነው።

የጅሬን ልጅ ከሚኒሶታ፦ ከሩቅ ልግባ። እናቴ በደወለች ቁጥር «በረዶ መታችሁ ወይ?» ትለኛለች። ለሷ በረዶ ማለት ቆርቆሮ ላይ የሚንጣጣው፣ የበቆሎ ቅጠል የሚበጣጥሰው ነው። የዚህኛው ድምፅ የለውም፤ ተኝተህ ስትነሳ በሩ አልከፈት ይልሃል። እ.ኤ.አ. በ2022–23 የብርድ ወራት ሚኒያፖሊስ ላይ ከ2 ሜትር በላይ ወረደ። መኪናዬን በአካፋ ፈልጌ ነው ያገኘኋት። ሥራ ቦታ «የታለ የምድር ሙቀት?» እየተባለ ተሳቀ። የሚቀጥለው ዓመት የብርድ ወራት በግዛቲቱ ከተመዘገቡት ሁሉ የሞቀው ሆነ፣ በፈረንጆቹ ገና ሣር አየን፣ የሚስቁት ሰዎች ተራ ተቀያየሩ። ሁለቱም ወገን የያዘው የአንድ ዓመት ማስረጃ ነው፣ እንደ እናንተ ኅዳር።

ትንበያውም ቢሆን እዚህ ይስታል። ሰማዩ ላይ ያለው 10 ሚሊ ሜትር ውኃ በተለምዶ 10 ሳንቲ ሜትር በረዶ ይሆናል፤ ብርዱ ሲጠና እጥፉን፤ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ከዋለ ደግሞ ዝናብ ሆኖ ወርዶ ያልፋል። በአንድና በሁለት ዲግሪ ምክንያት ትምህርት ቤት ይዘጋል ወይም ይከፈታል። ስለዚህ አንድ ቁጥር አይሰጡም፤ «ከ10 እስከ 25 ሳንቲ» ይላሉ። ሰው ግን 25ቷን ብቻ ሰምቶ ሱፐርማርኬቱን ባዶ ያደርጋል፣ 10 ሲወርድ ዋሹ ይላል።

ስታትስቲክስ ሁለተኛ ዓመት፦ የአጋሮው ወንድሜ፣ ስዕሉን ነክተኸው ነበር? ከሥሩ የመቶኛ ቁጥር ይኖረዋል።

የአጋሮ ልጅ፦ እኔ አልነካሁትም። የእህቴ ልጅ ግን ስክሪኑን ፎቶ አንስቶት ነበር፤ 20 በመቶ ይላል። ባየውስ? 20 በመቶ አይዘንብም ማለት አይደል?

ስታትስቲክስ ሁለተኛ ዓመት፦ አይደለም። እንዲህ ከተባሉ አምስት ቀኖች አንዱ ይዘንባል ማለት ነው። ያንተ ሒሳብ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ሸራ ማልበስ የሚያስከፍልህ የአንድ ከሰዓት ጸሐይና ጉልበት ነው፤ አለማልበስ አንድ አልጋ ቡና ሊያስከፍልህ ይችላል። አልጋው ከከሰዓቱ በአምስት እጥፍ የሚበልጥ ከሆነ በ20 በመቶም ትሸፍናለህ። ትንበያው የሳተህ አይመስለኝም፤ ስዕሉ ነው የሸወደህ።

የአጋሮ ልጅ፦ ይኼ ቢሮ ቁጭ ተብሎ የተሠራ ሒሳብ ነው። ሸራ ለማልበስ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ደግሞ ገና ያልደረቀ ቡና በጠራራ ቀን ከሸፈንከው ያልበዋል፤ ከሥር ሞቆ ያው ይሻግታል። በየአምስቱ ቀን አንድ ዝናብ ፈርቼ አራቱን ቀን ላፍነው?

ስታትስቲክስ ሁለተኛ ዓመት፦ ማላቡን አላሰብኩትም። ሒሳቡ ይቀየራል፣ እውነትህን ነው።

የሄርማታዋ መምህርት፦ እንግዲያው ጣራ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ከላይ የሚከልል፣ ከጎን ነፋስ የሚያሳልፍ። በነገራችን ላይ የዝናብ ወቅቱ ትንበያም እንደ ስዕሉ ነው የሚደርሰን። ሲወጣ ሦስት ቁጥር አለው፤ ለምሳሌ ከመደበኛ በላይ የመሆን ዕድሉ 40፣ መደበኛ 35፣ ከመደበኛ በታች 25 በመቶ። ሬዲዮ ጋ ሲደርስ «ዝናቡ ከመደበኛ በላይ ይሆናል» ሆኖ ቁጭ ይላል። ቀበሌ ሲደርስ ደግሞ ትእዛዝ ይሆናል። ጥርጣሬው መንገድ ላይ ይወድቃል፣ ሲሳሳት ግን ስድቡ ለሚቲዎሮሎጂው ነው።

የበደሌ መስመር፦ ሦስቱን ቁጥር ሬዲዮ ላይ ቢያነቡ ተሳፋሪዬ «ዘፈን አድርግ» ነው የሚለኝ።

አባ ቡና፦ መምህርት፣ ጥርጣሬውን የሚጥሉት ባለሬዲዮዎች ብቻ አይደሉም። «ቡና ሊጠፋ ነው» ብለው አዳራሽ ሰብስበው ያስለቀሱን የተማሩ ሰዎች ናቸው። እኔ ዋንዛና ብሳና ጥላ ሥር ስለቅም ነው ያረጀሁት።

የሄርማታዋ መምህርት፦ የሰሙት እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣውን ጥናት ሳይሆን አይቀርም። አሁን በኢትዮጵያ ቡና ከሚበቅልበት መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው በዚህ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይመች ይችላል ይላል፣ ምንም ካልተደረገ። ያው ጥናት ቡናው ወደ ከፍታ ከወጣ፣ ደንም ከተጠበቀና ከተተከለ ለቡና የሚመቸው መሬት ከአራት እጥፍ በላይ ሊሰፋ ይችላል ይላል። አዳራሹ ውስጥ ሁለተኛው ግማሽ አልተነበበላችሁም። ደግሞ ሞዴሎቹ በሙቀቱ ይስማማሉ፣ በዝናቡ ግን ይለያያሉ። የምሥራቅ አፍሪካ የመጋቢት–ግንቦት ዝናብ ይጨምራል ሲሉ ለዓመታት ሲቀንስ ታይቷል፤ ተመራማሪዎቹም እንቆቅልሽ ብለው ጽፈውበታል። ለዚህ ነው እሁድ ስብሰባ ላይ «ዝናቡ እንዲህ ይሆናል» የሚል ካለ እኔም የምቃወመው።

አባ ቡና፦ ወደ ከፍታ ይወጣል ትያለሽ። ከፍታው ባዶ መሰለሽ? እዚያ ገብስ የሚዘራ፣ ከብት የሚያሰማራ ሰው አለ። ቡናው ሲወጣ እሱ ወዴት ይወጣል?

የሄርማታዋ መምህርት፦ ለዚህ መልስ የለኝም።

የጅሬን ልጅ ከሚኒሶታ፦ ጥናቱም ያለው አይመስለኝም።

የአጋሮ ልጅ፦ እሺ፣ ወደ እሁዱ። እኔ ጣራውን እደግፋለሁ፣ ግን ቃለ ጉባኤው ላይ «የኅዳር ዝናብ ቡና ስለሚያበላሽ» ተብሎ ይጻፍ። ለዚህ ማስረጃ አለኝ፣ አልጋዬ ላይ ሻግቶ ተኝቷል።

ስታትስቲክስ ሁለተኛ ዓመት፦ እርዳታ ሰጪ ድርጅት ገንዘቡን እንዲያግዝ ከፈለጋችሁ ግን «የአየር ንብረት ለውጥ» የሚለውን ቃል አታውጡት።

አባ ቡና፦ ይኸው! እኔም መጀመሪያ ይህንኑ ነው ያልኩት።

የሄርማታዋ መምህርት፦ አባ ቡና፣ ይሳቁ። ዝናብ የዘነበበትን ቀን ደብተር ላይ ይጽፋሉ ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው? አንድ ማሳ ላይ በአንድ ሰው እጅ የተያዘ የብዙ ዓመት መዝገብ የትም አይገኝም። ጅማ ሄርማታ የዘነበው ለአጋሮ ምን ይነግረዋል?

አባ ቡና፦ ዝናብ ብቻ አይደለም የምጽፈው፤ ማን ስንት ኪሎ እሸት እንዳስረከበ፣ ማን ብድር እንዳለበትም አለ። ለዚህ ነው ለሰው የማላሳየው።

የሄርማታዋ መምህርት፦ ብድሩን በወረቀት እሸፍነዋለሁ።

አባ ቡና፦ እንግዲያው እሁድ ይዤ እመጣለሁ። ፎቶ ታነሺዋለሽ እንጂ ይዘሽው አትሄጂም። የ1990ውን ደብተር ግን አትጠይቂኝ፤ አይጥ በልቶታል።